ቦይኮት የሰው ስም ነው

ባለፈው ሰሞን ከግቢያችን ፊት ለፊት ያለች አንዲት ሻይ ቤት በፓስቲ ላይ ዋጋ ጨመረች ተብሎ ማታ መኝታ ክፍል ውስጥ ጉባኤ ተቀመጥን። ብዙ ከተጯጯኽን በኋላ አንዱ ጓደኛችን ብድግ ብሎ፣ «ቦይኮት እናድርጋት!» አለ። አጨበጨብን። አልጋው ላይ ሆኖ የሚያነብ አንድ ዝምተኛ ልጅ ግን ቀና አለና፣ «ለመሆኑ ቦይኮት ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። «አለመግዛት ነዋ!» «እሱስ ገብቶኛል፤ ቃሉን ነው የምለው፤ ከየት መጣ?» አንዱ ከላቲን ነው አለ። ሌላው፣ «ቦይ የውሃ መውረጃ፣ ኮት የብርድ መከላከያ» ብሎ አሳቀን። እውነቱን የሚያውቅ ግን ከመካከላችን አልተገኘም። (በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሻይ ቤቷ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተገናኘ ብንተወው ይሻላል።)

ያ ጥያቄ ከንክኖን መጻሕፍት ስናገላብጥ ቃሉ ከላቲንም ከግሪክም የመጣ ሆኖ አላገኘነውም። ቦይኮት የሰው ስም ነው። ቻርልስ ከኒንግሃም ቦይኮት በ1832 በእንግሊዝ አገር በኖርፎክ ተወለደ። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልንባቸው በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ጥቂት ጊዜ በእንግሊዝ ጦር ካገለገለ በኋላ ወደ አየርላንድ ተሻግሮ እርሻ ያዘ፤ ኋላም በምዕራብ አየርላንድ፣ ሜዮ በተባለው አውራጃ፣ በሎክ ማስክ ሐይቅ ዳር የሎርድ ኧርን ምስለኔ ሆኖ ተቀመጠ። ሎርዱ የሚኖረው በሌላ አውራጃ ነው፤ የሎክ ማስክን መሬት የሚያውቀው በኪራዩ ነው። ኪራዩን የሚሰበስብለት፣ ያልከፈለውን ጭሰኛ የሚያስነቅልለት ቦይኮት ነበር። ይህን ዓይነት ሰው ለአገራችን አንባቢ ብዙ ማስረዳት የሚያሻ አይመስለንም። ጌታው በሩቅ ተቀምጦ ጭሰኛው ፊቱን የሚያየው የምስለኔው ብቻ የነበረበት ዘመን ከቤተሰቦቻችን ወሬ ገና አልጠፋም።

ሜዮ ድሃ አገር ነበረች። ከ1845 ጀምሮ ድንቹን በሽታ መትቶት አየርላንድ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በረሃብና በተስቦ ስታጣ፣ ክፉኛ ከተጎዱት አውራጃዎች አንዷ ሜዮ ናት። በ1879 ደግሞ መኸሩ ተበላሸ። ያ ክፉ ዘመን ተመልሶ ሊመጣ ነው የሚል ፍርሃት በየጎጆው ገባ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የአየርላንድ የመሬት ማኅበር ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ ዋነኛው ማይክል ዳቪት የሜዮ ልጅ ነው፤ ገና በአራት ዓመቱ ወላጆቹ ከመሬታቸው ተነቅለው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ፤ በአሥራ አንድ ዓመቱም በጥጥ ፋብሪካ ተቀጥሮ ሲሠራ ቀኝ እጁን መኪና በላው። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ግን ራሱ ባለ መሬት የሆነው የፓርላማ አባል ቻርልስ ስቱዋርት ፓርኔል ነበር።

ሴፕቴምበር 19 ቀን 1880 ፓርኔል ኤኒስ በምትባል ከተማ ለተሰበሰበው ሕዝብ ንግግር አደረገ። ጎረቤቱ የተነቀለበትን መሬት ተሻምቶ የሚይዝን ሰው ምን ልናደርገው ይገባል ብሎ ጠየቀ። ከሕዝቡ መሐል ይገደል የሚል ድምፅ ተሰማ። ፓርኔል ግን ከዚያ የተሻለና ለክርስቲያን የሚገባ መንገድ አለ አለ፤ ይኸውም ሰውየውን በመንገድም፣ በሱቅም፣ በገበያም፣ በቤተ ክርስቲያንም እንደ ለምጻም ለብቻው መተው ነው። ልብ እንበል፤ ፓርኔል የተናገረው መሬት ስለሚሻማ ጭሰኛ እንጂ ስለ ምስለኔ አልነበረም። ምክሩን ወደ ላይ ያዞሩት የሎክ ማስክ ሰዎች ናቸው።

ዕድሉንም ለማግኘት ብዙ አልቆዩም። በዚያ ዓመት የሎርድ ኧርን ጭሰኞች ከኪራዩ ላይ 25 በመቶ እንዲቀነስላቸው ጠይቀው፣ ሎርዱ 10 በመቶ ብቻ እቀንሳለሁ ብሎ ነበር። ቦይኮት በአሥራ አንድ ጭሰኞች ላይ የመንቀያ ትእዛዝ አወጣ። ሴፕቴምበር 22 ቀን፣ ከኤኒሱ ንግግር በሦስተኛው ቀን ማለት ነው፣ የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ ፖሊስ አስከትሎ ወረቀቱን ሊያድል ወጣ። ሦስት ቤት አድርሷል። ከዚያ በኋላ ግን የመንደሩ ሴቶች ወጡበት፤ ድንጋይ፣ ጭቃና ፍግ እየወረወሩ እስከ ቦይኮት ደጃፍ አባረሩት። አንባቢ ይፍረድ፤ የታሪክ መጻሕፍት ፓርኔልንና ዳቪትን ያነሳሉ፤ ነገሩን የጀመሩት ግን መቀነታቸውን ያጠበቁ የጭሰኛ ሚስቶች ናቸው።

በማግሥቱ ሕዝቡ ተሰብስቦ ወደ ቦይኮት ቤት ሄደ። ማንም እጁን አላነሳም፤ የተባለው ነገር አንድ ነው፤ ሠራተኞቹ ሥራውን ጥለው ይውጡ። ወጡም። አራሹ፣ ከብት ጠባቂው፣ የቤት ሠራተኛዋ ሁሉ ሄዱ። ፈረስ ጫማ የሚያበጀው ቀጥቃጭ እምቢ አለ፤ ልብስ አጣቢዋ ቀረች፤ ደብዳቤ የሚያመላልሰው ልጅም እግሩን ሰበሰበ። ባሊንሮብ በተባለችው የቅርብ ከተማ ያሉ ባለ ሱቆች ዳቦ እንኳ አንሸጥለትም አሉ፤ ምግቡ ከሩቅ በጀልባ ይመጣለት ጀመር። እህሉ በማሳው ላይ ደርሶ ቆሞ፣ ድንቹ ከመሬት ውስጥ ሳይወጣ፣ ምስለኔው ከነቤተሰቡ ላም አላቢ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ሳንሸሽግ መናገር ያለብን ነገር አለ። ሁሉም በልቡ ወድዶ ተለየው ማለት አይቻልም። ቦይኮት ራሱ በኦክቶበር ወር ለለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ቀጥቃጩም ደብዳቤ አድራሹም ዛቻ እንደደረሰባቸው ገልጿል። የጠላት ቃል ነው ብለን ልንጥለው ይቀለናል፤ ግን ጎረቤቱ ሁሉ በአንድነት ሲነሳ ብቻውን እንቢ የሚል ሰው ምን እንደሚገጥመው ለማወቅ አየርላንድ መሄድ አያስፈልግም። ዶርም ውስጥ አንድ ሴሚስተር መኖር ይበቃል።

ደብዳቤው ሲታተም እንግሊዝ አገር ታመሰ። ከሰሜን፣ ከካቫንና ከሞናሃን አውራጃዎች ሃምሳ ፕሮቴስታንት በጎ ፈቃደኞች መኸሩን ሊሰበስቡለት በኖቬምበር መጡ። እነርሱን ለመጠበቅ መንግሥት ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ወታደርና ፖሊስ አሰለፈ። የሜዮ ሰው ምንም አላደረጋቸውም፤ ዝናብ ብቻ ነው የደበደባቸው። ድንቹ ወጣ፣ እህሉ ተወቃ። የተሰበሰበው ምርት ዋጋው ወደ 500 ፓውንድ ሲሆን መንግሥት ለጥበቃው ያወጣው ቢያንስ 10,000 ፓውንድ ይሆናል ተብሎ ተገመተ። ፓርኔል አንዷን ሥር ከመሬት ለማውጣት አንድ ሽልንግ ወጣ ብሎ ተሳለቀ። በወሩ መጨረሻ ወታደሩ ሲመለስ ቦይኮትም ቤቱን ዘግቶ ወጣ። የሚነዳለት ባለ ጋሪ ስላልተገኘ የተሳፈረው በጦር ሠራዊቱ የሕሙማን ጋሪ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። ያ ሁሉ ሲደረግ አድራጎቱ ገና ስም አልነበረውም። የአጥቢያው ቄስ አባ ጆን ኦማሊ የሕዝቡ ደጋፊ ነበሩ። ጄምስ ሬድፓዝ የተባለው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በኋላ እንደተረከው፣ አንድ ቀን አብረው ማዕድ ተቀምጠው ሳለ አባ ኦማሊ ዝም ብለው ሲያስቡ አየና ምን ሆኑ አላቸው። ቃል ጠፍቶኛል አሉት። በእንግሊዝኛ «ኦስትራሳይዝ» የሚል ቃል አለ፤ ትርጉሙም ይስማማል፤ ገበሬው ግን አይገባውም። ከዚያ ግንባራቸውን መታ መታ አድርገው፣ «ለምን ቦይኮት አንለውም?» አሉ።

ያን የተጣለ ቃል ጥቂት እንመልከተው። ጥንት የአቴና ሰዎች አንድን ሰው ለአሥር ዓመት ከአገር ለማስወጣት ሲፈልጉ ስሙን በሸክላ ስባሪ ላይ፣ እኛ ገል በምንለው ላይ ጽፈው ድምፅ ይሰጡ ነበር። ገል በግሪክኛ ኦስትራኮን ነው። እንግዲህ ቃሉ የተማረ ሰው ቃል ብቻ ሳይሆን፣ ሥራው ራሱ ፊደል የቆጠረ ሰው ሥራ ነበር። የሜዮ ጭሰኛ ግን ገል ላይ የሚጽፈው ነገር አልነበረውም። ያለው ጉልበቱ ነው፤ እሱን ነፈገ። ቄሱ ምናልባት ይህን ሁሉ አላሰቡ ይሆናል። ያሰቡት አንድ ነገር ነው፤ ቃሉን የሚሠራበት ሰው ይረዳዋል ወይ?

የሎክ ማስክ ገበሬ ቦይኮት የሚለውን ስም በደንብ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ቃሉ እንደ ሰደድ እሳት ሄደ። ዓመቱ ሳያልቅ የለንደን ጋዜጦች እንደ ግስ ጻፉት። ወዲያውም ፈረንሳዮች፣ ጀርመኖች፣ ሆላንዶችና ሩሲያውያን በየቋንቋቸው አስገቡት። እንግሊዞች መጀመሪያ የሰው ስም በሚጻፍበት በትልቁ ፊደል ይጽፉት ነበር፤ ቀስ በቀስ ትንሿን ፊደል ለበሰ። ያኔ ሰውየው ከቃሉ ውስጥ ጠፋ። ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሱቅንም፣ ዕቃንም፣ ምርጫንም፣ ስብሰባንም «ቦይኮት» ያደርጋል፤ እራት ግብዣ እንኳ ቀርቶ ሲኮራ ይህንኑ ይላል። በ1955 በአሜሪካ የሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች በአውቶቡስ አንሳፈርም ብለው 381 ቀን በእግራቸው ሲሄዱ የነገሩ ስም ይኸው ነበር።

ወደ እኛ አገር የመጣው በተማሪ አፍ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወጡ። ይህን መፈክር አባ ኦማሊ ቢሰሙት ይወዱት ነበር፤ ሁለት ቃል ነው፣ ትርጉም የሚጠይቅ ገበሬ የለም። በ1961 ዓ.ም. ክፍል አንገባም ሲሉ ግን የራሳቸውን ሥራ «ክላስ ቦይኮት» አሉት። ስለ ገበሬው በገበሬው ቋንቋ፣ ስለ ራሳችን በፈረንጅ ቋንቋ! ልጁን ሊያስተምር በሬ ሸጦ የላከ አባት «ቦይኮት አድርገናል» ሲባል ምን ይረዳ?

የሚገርመው፣ ቃሉ ይህን ያህል ዘመን አብሮን ኖሮ አማርኛ አልሆነም። ሁልጊዜ «አደረገ» ደግፎት ነው የሚቆመው፤ «ቦይኮተ» ያለ ሰው ሰምተን አናውቅም። ከስፖርት ሜዳ የመጣው ፎርፌ ግን፣ ያውም ለስንፍና ሥራ፣ ፎረፈ፣ ይፎርፋል፣ መፎረፍ እያለ እንደ አገር ልጅ ይረባል። ምክንያቱ ቀላል ይመስለናል፤ ተማሪ በየቀኑ ይፎርፋል፣ ቦይኮት የሚያደርገው ግን አልፎ አልፎ ነው። ሌሎቹ የአማርኛ ቃሎችም ልክ አልመጡለትም። ማዕቀብ መንግሥት በመንግሥት ላይ የሚጥለው ነው። አድማ የሚለው ሴራ ሴራ ይሸታል። ማግለል ቀርቦታል፣ ግን የመጽሐፍ ቃል ነው።

ከመካከላችን የባላገር ልጅ የሆነው ለዕረፍት አገሩ በሄደ ጊዜ አንድ ሽማግሌ አጎቱን ጠየቀ፤ መንደሩ የተቀየመውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? «ምን እናደርገዋለን፤» አሉት፣ «እሳት አንሰጠው፣ ቡና አንጠራው፣ ለቅሶ አንደርስለት።» የሎክ ማስክን ታሪክ ሲነግራቸው ምንም አልደነቃቸውም፤ ይልቅ ሰውየው ሞት ደርሶበት እንደሆነ፣ ማን እንደቀበረው ጠየቁት። «እሳትና ውሃ መከልከል» የሚለው አነጋገር ታዲያ ከቦይኮት የሚያንሰው በምኑ ነው?

አንድ ልዩነት ግን አለ፤ ከላይ በትእዛዝ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። በ1976 የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን ዘረኛይቱን ደቡብ አፍሪካ በመጎብኘቱ ብዙ የአፍሪካ አገሮች የሞንትሪያልን ኦሊምፒክ ጥለው ወጡ፤ ኢትዮጵያም ወጣች። ምክንያቱ ቅን ነበር፤ ዛሬም ቢሆን እንቆምለታለን። ይሁንና ምሩፅ ይፍጠር በሙኒክ በ1972 ነሐስ ካገኘ በኋላ ሜዳሊያ ለማየት እስከ ሞስኮ፣ እስከ 1980 መጠበቅ ነበረበት፤ ያኔ ሁለት ወርቅ ወሰደ። በ1984 ሎስ አንጀለስ፣ በ1988 ሶውል ቀረን፤ በእነዚህ ሁለቱ ውስጥ የአፍሪካ ጉዳይ የቱ ጋ እንደነበረ ለማግኘት ብዙ ደክመን አላገኘንም። የሜዮዋ ልብስ አጣቢ የቀረባት የራሷ ደመወዝ ነው። ከአውሮፕላን የቀረውን ሯጭ ግን ማን ጠየቀው?

ጭሰኞቹስ? በ1881 የኪራይ ልክ በፍርድ ቤት እንዲወሰን የሚያደርግ ሕግ ወጣላቸው፤ ከ1903ቱ ሕግ በኋላ ደግሞ ብዙዎቹ መሬቱን በመንግሥት ብድር ገዝተው የራሳቸው አደረጉት።

ቦይኮት በ1886 በእንግሊዝ አገር በሰፎክ ሌላ የምስለኔነት ሥራ አገኘ፤ በ1897 ሞተ። ከዚያ በፊት፣ ሜዮን በለቀቀ በጥቂት ወራት፣ በ1881 የጸደይ ወራት ወዳጆቹን ሊጠይቅ ከሚስቱ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ነበር። ወሬኛ እንዳያስቸግረው ብሎ በመርከቡ ላይ ያስመዘገበው ስም ቻርልስ ከኒንግሃም የሚል ነበር። የኒው ዮርክ ጋዜጠኞች ግን ማን እንደሆነ ደረሱበት።