የድምፅ ምስጢራዊነት በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበራት

በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ የድምፅ ምስጢራዊነት ማለት መተዳደሪያ ደንብ ሲሻሻል አንድ አባል መደገፉ ወይም መቃወሙ በሌሎች እንዳይታወቅ መጠበቅ ነው። በስብሰባው ማን እንደተገኘ ግን ምስጢር አይደለም፤ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ የሚረጋገጠው በስም ዝርዝርና በፊርማ ነውና።

ሕጋዊ መሠረት

በኢትዮጵያ እነዚህ ማኅበራት የሚመሩት አዋጅ ቁጥር 147/1991ን በተካው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። ደንብ የሚያጸድቀውም የሚያሻሽለውም ጠቅላላ ጉባኤው ሲሆን፣ እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ አለው። የኮንዶሚኒየም ቤት ባለቤቶች ማኅበር በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የተደነገገ ሌላ ተቋም ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ለመንግሥት ምርጫ ምስጢራዊ ድምፅን ይደነግጋል።

አስፈላጊነቱ

የደንብ ማሻሻያ የወር መዋጮን፣ ቅጣትን፣ የቤት ዝውውርን ወይም የኮሚቴውን የሥራ ዘመን ሊነካ ይችላል። በጉለሌ ክፍለ ከተማ እንደ ዊንጌት ባሉ ሰፈሮች ጎረቤታሞች በእድርና በዕቁብም ይገናኛሉ። እጅ በማውጣት ድምፅ ከተሰጠ፣ ኮሚቴውን የተቃወመ አባል በማግሥቱ ደብዳቤ ለማጻፍ ወደዚያው ኮሚቴ መሄድ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ቅያሜን ፈርቶ ያላመነበትን ሊደግፍ ይችላል። በሌላ በኩል እጅ ማውጣት ፈጣን ነው፤ ቆጠራውንም ሁሉም ያየዋል።

አሠራሩ

ሁለቱን ለማስታረቅ የሚያገለግለው የወረቀት ድምፅ ነው። በመንግሥት የታተመ አንድ ዓይነት ወረቀት መጠቀም በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ በ1856 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል። በማኅበር ስብሰባ፦

- አባሉ በመዝገብ ላይ ፈርሞ ስምና ቁጥር የሌለበት አንድ ወረቀት ይወስዳል፤
- ለብቻው ምልክት አድርጎ፣ አጥፎ ሳጥን ውስጥ ይከታል፤
- ቆጠራው በአባላት ፊት ይካሄዳል፤ የወረቀቱ ብዛት ከፊርማው ብዛት መብለጥ የለበትም፤
- ቃለ ጉባኤው የድጋፍ፣ የተቃውሞና የድምፀ ተአቅቦ ብዛት ብቻ ይይዛል።

ውስንነቶች

ውጤቱ በሙሉ ድምፅ ከሆነ የእያንዳንዱ አባል ድምፅ ይታወቃል። ድምፅ በየብሎኩ ተለይቶ ሲቆጠርም ጥቂት አባላት ያሉበት ብሎክ ይጋለጣል። በዋትሳፕ የሚሰጥ ድምፅ የሰጪውን ስም ያሳያል። ቴሌግራም ስምን መደበቅ ቢችልም፣ ድምፅ ሰጪው አባል መሆኑንም ሆነ በሁለት ስልክ ሁለት ጊዜ አለመምረጡን አያጣራም። በመሆኑም ሁለቱም ለሐሳብ መሰብሰቢያ እንጂ ደንብ ለማጽደቅ አስተማማኝ አይደሉም።