ፊደል የቆጠረ መራጭ

በላሊበላ ያደጋችሁ ወጣቶች የከተማችሁን ስም ትርጓሜ ሳትሰሙ አትቀሩም፤ ሕፃኑን ንብ በከበበው ጊዜ እናቱ ንብ ንግሥናውን አወቀለት አለች ይባላል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ደግሞ ንብ የኢሕአዴግ መወዳደሪያ ምልክት ነበረች፤ የቅንጅት ሁለት ጣት ነበር። በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ሥዕል ለምን አስፈለገ? ብዙው መራጭ የተወዳዳሪውን ስም ማንበብ ስለማይችል ነው።

ላስታ የመጽሐፍ አገር ናት። ቆሎ ተማሪው ፊደል ሲቆጥር፣ ዳዊት ሲደግም ዘመናት አልፈዋል። አራሹ ግን፣ ሚስቱም ጭምር፣ ለአቤቱታ ማመልከቻ ጻፊ ከፍለው በጣት አሻራ ይፈርሙ ነበር። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሃያ አንድ ዓመት ለሞላው ሁሉ የመምረጥ መብት ሰጠ። ለመመረጥ ግን ርስት ወይም ሌላ ንብረት ያስፈልግ ነበርና ጭሰኛው መራጭ እንጂ ተመራጭ አልሆነም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬውን በማኅበር አደራጀው። ሊቀ መንበሩም የፍርድ ሸንጎው ዳኞችም ከራሱ መካከል ይመረጡ ጀመር። እዚህ ላይ ቆም በሉ፦ ቃለ ጉባኤውን ማንበብ የማይችል ሊቀ መንበር በጸሐፊው እጅ ነው። ወረቀቱ ምን እንደሚል የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ምርጫው ምን ረባ?

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች እስከ መሰጠት ደረሰ፣ የዩኔስኮንም ሽልማት አገኘ። ይህን ሥራ ቀድማ የጀመረችው ግን መካነ ኢየሱስ ናት፤ ከ1950ዎቹ አጋማሽ አንሥቶ በ«የሚስራች ድምፅ» የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጎልማሶችን ታስተምር ነበር። የመንግሥቱ ዘመቻ በተጀመረ በሃያኛው ቀን፣ ሐምሌ 21፣ የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሰብከው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። ሁለቱን ቀኖች አንድ ላይ ያዙልኝ። ማንበብ ያስተማረው መንግሥት የሚናገረውን ሰው አልታገሠም።

በ1978 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የሕገ መንግሥት ረቂቅ ለውይይት ወረደ። አንድ ሚሊዮን ያህል ቅጂ ለቀበሌና ለገበሬ ማኅበራት ታደለ፤ ውይይት በተደረገባቸው 25,000 ያህል ቦታዎች ግማሽ ሚሊዮን የሚሆን አስተያየት ተሰበሰበ። ረቂቁ ላይ የተደረገው ለውጥ 95 ብቻ ነበር፣ አብዛኛውም የቃላት። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 81 በመቶው ደገፈ ተባለ። ወሎ ያኔ ከ1977ቱ ረኃብ ገና አላገገመም፤ በዋግና በላስታ ተራሮችም የኢሕዴን ታጋዮች ነበሩ።

ካድሬ እየገፋ ያስገባው ብዙ ነበር፤ ሁሉን ግን ተውኔት ነው ብዬ ለመተው እቸገራለሁ። ሰዉ ስለ ግብር፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ጋብቻ ጠይቋል። ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን የሚከለክለው አንቀጽ በተለይ በሙስሊሞች ዘንድ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ፊደል ከቆጠረ ጥቂት ዓመት የሆነው ሰው የአገሩን ሕግ እያየ «ይህ አይሆንም» ማለቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 በአሥራ ስምንት ዓመታችሁ እንድትመርጡ ይፈቅድላችኋል። ሰባ ያለፋቸው አያት ወይም ጎረቤት ካሏችሁ ያ ረቂቅ ሲነበብ የት እንደ ነበሩ፣ እጃቸውን አውጥተው ምን እንደ ጠየቁ ጠይቋቸው። የመሠረተ ትምህርቱን መጽሐፍ ሣጥን ውስጥ ያኖረም አይጠፋም።