የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር በጥንታዊት ግሪክ፦ ማኅበረሰባዊ አመለካከት

የጥንት ግሪኮች የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የመዘኑት በጾታ ሳይሆን በዕድሜ፣ በዜግነትና በክብር ነበር። ዋናው ማስረጃ የአቴንስ ተናጋሪ አይስኪኔስ በ346/345 ቅ.ል.ክ. አቴንስ ውስጥ በፖለቲከኛው ቲማርኮስ ላይ ያሰማው የክስ ንግግር ነው። ቲማርኮስ የተከሰሰው ወንድ በመውደዱ አልነበረም፤ ሰውነቱን በገንዘብ ሸጧል፣ ይህን ያደረገ ዜጋም በሕዝብ ጉባኤ መናገር አይችልም ተብሎ ነው። ተፈርዶበት የዜግነት መብቱን አጣ። ከሳሹ ግን በዚያው ንግግር እርሱ ራሱ ወንዶችን ማፍቀሩን አልደበቀም። የአቴንስ ሕግ ባሪያ ነፃ ልጅን እንዳያፈቅር መከልከሉም ሚዛኑ ማኅበራዊ ማዕረግ እንደነበር ያሳያል።

ፈላስፋው ፕላቶ «ሕግጋት» በተሰኘው ሥራው ግንኙነቱን ከተፈጥሮ ውጭ ብሎ ስለ ነቀፈው፣ ግሪኮች ያወግዙት ነበር የሚል መቃወሚያ ይነሳል። ነገር ግን መጽሐፉ ለታሰበች ከተማ ሕግ የሚነድፍ እንጂ የአቴንስን ልማድ የሚዘግብ አይደለም። በራሱ በፕላቶ «ሲምፖዚየም» ውስጥ ከተናጋሪዎቹ አንዱ የሆነው ጳውሳንያስ ልማዱ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ያስረዳል፤ በኤሊስና በቦዮቲያ የግሪክ ግዛቶች ያለ ማንገራገር ተቀባይነት ነበረው፣ በአቴንስ ግን ነገሩ የተወሳሰበ ነበር። ግሪክን የነፃነት አገር አድርጎ መሣልም ስሕተት ነው። በጽሑፍ ጎልቶ የሚታየው ግንኙነት በጎልማሳና በለጋ ወጣት መካከል የነበረው ነውና፣ ዛሬ እኩል አዋቂዎች ከሚመሠርቱት ጥምረት ጋር አንድ ሊደረግ አይገባም። ባሪያዎችማ ምርጫ አልነበራቸውም፤ ይህን ሸፍኖ ማለፍ እነርሱን ዳግም መበደል ነው። የሴቶች ድምፅ ደግሞ ከሌስቦሷ ሳፎ የግጥም ቁርጥራጮች በቀር እምብዛም አይሰማም።