ሙጫ ያላቸው ዛፎች

ስለ አንደሉስ ሲወሳ በብዙዎቻችን ዓይነ ሕሊና የሚመጣው የቁርጡባ መስጊድና የአልሐምራ ቤተ መንግሥት ነው። ሕንፃዎቹ በቀን መቁጠሪያ ላይ ታትመው በየቤታችን ግድግዳ ተሰቅለዋል። አትክልተኛውን ግን ማን አስታወሰው?

በ11ኛው ምእተ ዓመት በጡለይጢላ፣ ዛሬ ቶሌዶ በምትባለው የስፔን ከተማ፣ ኢብን በሷል የሚባል የእርሻ ሊቅ ይኖር ነበር። ሐጅ ያደረገ፣ በጉዞውም ሲሲሊንና ግብፅን ያየ ሰው ነው። ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የቀደሙ ሊቃውንትን ስም አይደረድርም፤ የሚናገረው በእጁ የሠራውን ነው።

ኢብን በሷል ዛፎችን በውስጣቸው ባለው ፈሳሽ በአራት ወገን ከፈላቸው። እንደ ወይራ ያሉት ዘይት ያላቸው፣ እንደ በለስ ያሉት ወተት ያላቸው፣ እንደ ፖምና ሮማን ያሉት ውሃ ያላቸው ናቸው። አራተኛው ወገን ሙጫ ያላቸው ሲሆኑ ኮክ፣ ፕሪም፣ ሚሽሚሽ (አፕሪኮት) እና ዐረቦች ለውዝ የሚሉት አልሞንድ ይገኙበታል። የኮክ ዛፍ ግንዱ ሲቆስል ቡናማ ሙጫ እንደሚያወጣ በጓሮው ያለው ሰው ያውቀዋል።

ክፍፍሉ ለጨዋታ የተደረገ አይደለም፤ ዛፍ ለማዳቀል ነው። አትክልተኛው ከአንዱ ዛፍ እምቡጥ ያለበትን ቅርፊት ይቆርጥና በሌላው ዛፍ ቅርፊት ሥር አስገብቶ ያስረዋል። በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ያለው ቀጭን ለምለም ንጣፍ ከንጣፉ ጋር ከገጠመ ሁለቱ አንድ አካል ይሆናሉ፤ ቅርንጫፉ ግን የራሱን ፍሬ ያፈራል። ይህ የሚሆነው ዛፎቹ ዘመዳሞች ሲሆኑ ነው። ዝምድናቸው በምን ይታወቃል? ማጉያ መነጽር ባልነበረበት ዘመን ኢብን በሷል ፈሳሹን ተመለከተ።

የዛሬ ሊቃውንትም ኮክን፣ ፕሪምን፣ ሚሽሚሽንና አልሞንድን በአንድ ወገን ይመድቧቸዋል። በሌላው ግን ክፍፍሉ ስቷል፤ ፖምና ሮማን ዘመድ አይደሉም። ቼሪም ሙጫ እያለው ከኮክ ጋር በደንብ አይዋደድም። የአባቶቻችንን ሥራ ስናወድስ ጉድለቱንም አብረን ብንናገር አናሳንሳቸውም።

በ1085 (478 ሒጅራ) ጡለይጢላ በካስቲሉ ንጉሥ በአልፎንሶ 6ኛ እጅ ገባች። ከዚህ በኋላ ኢብን በሷልን የምናገኘው በኢሽቢሊያ (ሴቪያ)፣ በአል-ሙዕተሚድ አትክልት ሥፍራ ነው። ያሳደጋቸው ዛፎች እዚያው ቀሩ። ስደተኛ ዛፉን ነቅሎ አይሄድም።

ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያችው በኢሽቢሊያ ኢብኑል-ዐዋም «ኪታብ አል-ፊላሓ» የተባለውን ትልቅ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ የኢብን በሷልን ትምህርት አካተተበት። ከ50 በላይ የፍሬ ዛፎች ተገልጸውበታል። ዛሬ ማንም አትክልተኛ የማይቀበላቸው የማዳቀል ዘዴዎችም ከጥንት መጻሕፍት ተቀድተው ገብተዋል፤ ከራሱ ሐሳብ ግን ደጋግሞ ሞክሮ ያላረጋገጠውን እንዳልጻፈ ይነግረናል። እዚህ ላይ በሰሒሕ ሙስሊም የተዘገበው የመዲና ቴምር ታሪክ ትዝ ይለኛል። ሰዎቹ የወንዴውን ዘምባባ ብናኝ በሴቴው ላይ ሲያደርጉ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አይተው የሚጠቅም እንዳልመሰላቸው ተናገሩ። ሰዎቹ ሲተዉት ምርቱ ቀነሰ፤ እሳቸውም ያ የግል ግምታቸው እንደነበረና በዓለማዊ ሥራቸው እነርሱ ይበልጥ አዋቂዎች እንደሆኑ ገለጹላቸው። የኢሽቢሊያው ሰው ሞክሮ መጻፉ ለእኔ ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው።

መጽሐፉን በ1802 ባንኬሪ የተባለ ካህን ወደ ስፓኒሽ ተርጉሞ በማድሪድ አሳተመው። የስፔን ገበሬ ግን መጽሐፉን ባያነብም ሚሽሚሽን እስከ ዛሬ «አልባሪኮኬ» ይለዋል፤ «አል-በርቁቅ» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው።

በዘመናችንም ሳም ቫን አከን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ጥበብ መምህር ከ2008 ጀምሮ በአንድ ዛፍ ላይ 40 ዓይነት ባለ አጥንት ፍሬዎችን ለማዋሐድ ሠርቷል። ለእኛ ቤት ይህን ያህል አያስፈልግም። በደጋ አገር፣ ግማሽ ሜትር ስፋት ባለው፣ ከታች በተበሳ በርሜል የተተከለ አንድ ፕሪም ሦስት ወይም አራት ዓይነት ይበቃዋል። ብዙዎቹ የፕሪም ዓይነቶች ያለ ሌላ ዓይነት ብናኝ ስለማያፈሩ በአንድ ግንድ ላይ መገናኘታቸው ቦታ ለሌለው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ጉልበተኛው ቅርንጫፍ ደካማውን እንዳይውጠው በየጊዜው ይቆረጣል፤ የበርሜል አፈር ቶሎ ስለሚደርቅም በበጋ ውሃ አይረሳም። ቆላ ላይ አይሞከር፤ እነዚህ ዛፎች ብርድ ካላገኙ አያብቡም።

በየሁለት ዓመቱ ቤት የሚለቅ ተከራይ ደግሞ ሌላ ጥቅም ያገኝበታል። ዕቃው ሲጫን በርሜሉም አብሮ ጋሪው ላይ ይወጣል።