ሊነክስን ቫይረስ አይነካውምን?

ያረጀ ኮምፒዩተርዎን ሊነክስ በተባለው ነጻ የኮምፒዩተር ሥርዓት ያደሰልዎ ወዳጅ «ከእንግዲህ ስለ ቫይረስ አያስቡ» ብሎዎት ይሆናል። እኔም ይህንኑ ለብዙ ሰው ስናገር ኖሬአለሁ። ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ግን ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በኖቬምበር 1983 ፍሬድ ኮኸን የተባለ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ራሱን በራሱ የሚያባዛ ፕሮግራም ጽፎ፣ ፈቃድ ካገኘ በኋላ ሞከረው። አምስት ጊዜ ሞክሮ አምስቱንም ጊዜ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በኮምፒዩተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያዘ። «ቫይረስ» የሚለውን ስም ያወጡለት መምህሩ ሌን ኤድልማን ናቸው። ታዲያ ልብ ይበሉ፣ ይህ ሁሉ የሆነው ዩኒክስ በሚባለው ሥርዓት ላይ ነው፤ ሊነክስ በኋላ አርአያ አድርጎ በተነሣበት በዚያው ሥርዓት ላይ ማለት ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1988፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮበርት ሞሪስ አንድ «ትል» በኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ያን ጊዜ በመላው ኢንተርኔት የነበሩት ኮምፒዩተሮች 60,000 ያህል እንደነበሩ ይገመታል፤ ከእነዚህ 6,000 ያህሉ በትሉ ተያዙ ተባለ። ትሉ የገባው በሁለት የፕሮግራም ቀዳዳዎችና ደካማ የይለፍ ቃላትን በመገመት ነበር። የሰውየውን ስም፣ ስሙን ከኋላ ወደ ፊት፣ ከዚያም የተለመዱ ቃላትን እየሞከረ ይገባል። የሚገርመው የልጁ አባት የዩኒክስን የይለፍ ቃል አጠባበቅ ከሠሩት ሊቃውንት አንዱ መሆናቸው ነው። ልጁ በ1990 የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና የ10,050 ዶላር መቀጮ ተፈረደበት።

ታዲያ ሊነክስ መልካም ስሙን ከየት አመጣው? ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 በሄልሲንኪ ሲጀምረው የዩኒክስን ልማድ ይዞ ነው። በየቀኑ የሚጠቀመው ሰውና «ሩት» የተባለው ባለሙሉ ሥልጣን የተለያዩ ናቸው። በዚያው ዘመን በየቤቱ በነበረው ዊንዶውስ 95 ግን የተቀመጠ ሁሉ ጌታ ነበር። በ1997 «ብሊስ» የሚባል የሊነክስ ቫይረስ ሲወጣ ይህ ልዩነት ታየ። ቫይረሱ ሊበክል የሚችለው ያስነሣው ሰው የመለወጥ ሥልጣን ያለውን ፕሮግራም ብቻ ነበር፤ በሩት ሆኖ ያስነሣው ሰው ግን ቤቱን ሁሉ አስረከበ። (ብሊስ ሲለምኑት ራሱን የሚያጠፋበት ትእዛዝም ነበረው። እንዲህ ያለ ጨዋ ሌባ ዛሬ አይገኝም!)

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ኮምፒዩተርዎ የይለፍ ቃል ሲጠይቅዎ ቁልፉን ለማን እየሰጡ እንደሆነ ያስቡ። አንድ የማውቃቸው አባት ማተሚያቸው እንዲሠራላቸው ብለው ከማያውቁት ቦታ አንድ መስመር ትእዛዝ ቀድተው፣ የይለፍ ቃላቸውን ጨምረው አስገቡ። ለአገር ቤት ዘመድ ገንዘብ የሚልኩት በዚያው ኮምፒዩተር ነበር። ሁሉን ጠርገን እንደ አዲስ እስክንጭነው ድረስ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

በጃንዋሪ 2001 «ራመን» የሚባል ትል ሬድ ሃት 6.2 እና 7.0 የተጫነባቸውን ኮምፒዩተሮች አጠቃ። በሴፕቴምበር 2002 «ስላፐር» ተከተለ። የሁለቱም መድኃኒት ትሉ ከመምጣቱ በፊት ወጥቶ ነበር፤ ያልወሰዱት ተያዙ። «ማሻሻያ አለ» የሚለውን መልእክት ነገ እያሉ አያሳድሩት።

ፕሮግራም ሲፈልጉ ከሥርዓቱ የራሱ ማከማቻ ይውሰዱ። ሥርዓቱን ራሱን ሲያወርዱም ይጠንቀቁ፤ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016 የሊነክስ ሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ፣ በስውር በር የተከፈተ ቅጂ በእውነተኛው ቦታ ተተክቶ ነበር። በዚያው ገጽ ላይ የተጻፈው የማመሳከሪያ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፣ ገጹን የሰበረ ቁጥሩንም ይለውጠዋልና። የአዘጋጆቹን ዲጂታል ፊርማ የሚያውቅ ሰው ያመሳክርልዎ።

በግድግዳ ላይ ያለው የኢንተርኔት ሳጥንዎና የበርዎ ካሜራም ብዙ ጊዜ ሊነክስ ናቸው። በ2016 «ሚራይ» የተባለው ተንኮል 60 በሚያህሉ የፋብሪካ የይለፍ ቃላት ብቻ እነዚህን ሰብስቦ አዘመተ፤ ኦክቶበር 21 ቀን ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ለሰዓታት ከብዙ ሰው አራቀ። የሳጥኑን የይለፍ ቃል ለውጠዋልን? ጸረ ቫይረስ ከፈለጉ ክላምኤቪ የሚባል ነጻ አለ፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ዊንዶውስ ላላቸው ወዳጆች ፋይል ሲልኩ ነው።

«የውስጥ ጽሑፉ ለሁሉ የተገለጠ ስለሆነ ክፉ ነገር አይደበቅበትም» የሚሉም አሉ። በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ከሩቅ ወደ ኮምፒዩተር መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ሲመረምር፣ «ኤክስዜድ» በተባለ ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ ስውር በር አገኘ። በሩን የተከለው ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት እየሠራ አመኔታ ያተረፈ ሰው ነበር። በሩ የደረሰው በአብዛኛው ገና በሙከራ ላይ ወደነበሩ እትሞች ነው፤ የተረጋጋውን የዴቢያን እትም የያዙት አልተነኩም። እርስዎም ጀማሪ ነዎትና፣ ሲጭኑ አዲስ የወጣውን ሳይሆን «የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው» የሚለውን ይምረጡ።