የቤኒሻንጉል ወርቅና የወንዞቹ ውሃ

የቤኒሻንጉል ወርቅ ገና ከጥንቱ ጦር ሲጠራ የኖረ ወርቅ ነው። የግብጹ ገዥ መሐመድ ዓሊ ፓሻ እ.ኤ.አ. በ1820 ልጁን ኢስማኢልን ወደ ሱዳን ያዘመተው ባሪያና ወርቅ ፍለጋ ነበር። በ1838 ኦስትሪያዊው የማዕድን ባለሙያ ዮሴፍ ሩሴገር በፓሻው ትእዛዝ የአካባቢውን ወርቅ መረመረ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ፓሻው ራሱ፣ ዕድሜው ወደ ሰባ ተጠግቶ ሳለ፣ እስከ ሱዳኑ ፋዞግሊ ተጓዘ፤ ነገር ግን የጓጓለትን ያህል ወርቅ ሳያገኝ ተመለሰ። በ1898 የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ መኮንን መሪነት አገሩን ያዘ፤ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የድንበር ውል ቤኒሻንጉልን በኢትዮጵያ አጸና። የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰንም ግብራቸውን ለማዕከላዊው መንግሥት በወርቅ ይከፍሉ ነበር። አሸዋውን ቆፍሮ የሚያጥበው ግን ገባሩና ባሪያው ነበር፤ የዚህ ወርቅ ታሪክ የእነሱን ላብ ሳይጠቅስ ሊጻፍ አይገባም።

ያ ሁሉ ዘመን የአካባቢውን ወንዝ ለምን ሳይመርዘው አለፈ? ብዙ ሰው መልሱን በአባቶች ጥበብ ያገኘዋል። እኔ ግን ወንዙን የጠበቀው የመሣሪያው ውስንነት ነው እላለሁ። አሸዋው በገበቴ ውስጥ ከውሃ ጋር ሲሽከረከር ቀላሉ እየፈሰሰ ይወጣል፤ ጥቁሩ ከባድ አሸዋና የወርቁ ፍንጣሪ ከታች ይቀራሉ። ወርቅ ከውሃም ከአየርም ጋር አይዋሐድም፤ ስለዚህ ወደ ወንዙ የሚመለሰው ያው ከወንዙ የወጣው አሸዋ ነው። ውሃው ይደፈርሳል፣ ዳርቻው ይቦረቦራል፤ መርዝ ግን አይጨመርበትም። ዱቄት የመሰለው ደቃቅ ወርቅ ከገበቴው ያመልጣል፤ በድንጋይ ውስጥ የታሰረው ላይም እጅ አይደርስም። ፓሻውን ተስፋ ያስቆረጠው ይህ ገደብ ለዳቡስና ለቱማት ወንዞች ጋሻ ሆኖ ነበር።

ገደቡን የሰበረው ኬሚካል ነው። በዚህም ክልል፣ እንደ ሌሎቹ የወርቅ አካባቢዎች፣ ሜርኩሪና ሳይናይድ ወደ ባህላዊው ቁፋሮ ገብተዋል። ሜርኩሪው በታጠበው ጥቁር አሸዋ ላይ ይፈስሳል፤ ደቃቁን ወርቅ ይዞ ይጠቀለላል፤ ትርፉ በጨርቅ ተጨምቆ ይወጣል፤ እንክብሉ በእሳት ሲሞቅ ሜርኩሪው ተንኖ ወርቁ ይቀራል። እንፋሎቱን መጀመሪያ የሚተነፍሰው እሳቱ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ነው። የቀረው ከዝናብ ጋር ወርዶ ጅረት ውስጥ ይገባል። በሜርኩሪ የታጠበው አሸዋ ዳግመኛ በሳይናይድ ሲነከር ደግሞ የባሰ ይመጣል፤ ሳይናይድ ሜርኩሪውን አሟሙቶ ከውሃው ጋር እንዲጓዝ ያደርገዋልና።

ዓባይ ታላቅ ወንዝ ስለሆነ ይህን ሁሉ አቅጥኖ ይወስደዋል የሚል ክርክር አለ። ሳይናይድ ፀሐይና አየር ሲያገኝ እየፈረሰ መሄዱ እውነት ነው፤ ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2000 በሩማንያ ባያ ማሬ የወርቅ ማጣሪያ ግድብ ሲደረመስ ሳይናይዱ ዓሣ እየፈጀ እስከ ዳኑብ ወርዷል። ሜርኩሪ ግን አይፈርስም። ዳቡስ ዓባይን የሚቀላቀለው ከታላቁ ሕዳሴ ግድብ በላይ ነው፤ ግድቡ በፈጠረው ንጋት ሐይቅ ደግሞ ውሃው ይረጋል፣ ደለሉ ይተኛል። ደን በዋጠና አየር ባነሰው የሐይቅ ወለል ላይ ባክቴሪያዎች ሜርኩሪን ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል፤ እሱም ከትንሹ ዓሣ ወደ ትልቁ፣ ከዚያም ወደ ሰው እየተከማቸ ያልፋል። በጃፓን ሚናማታ እ.ኤ.አ. በ1956 የታወቀው በሽታ ወደ ሰው የደረሰው በሜቲል ሜርኩሪ በተበከለ ዓሣ በኩል ነው። ስለዚህ የወንዙ ትልቅነት መተማመኛ አይሆንም።

ቆፋሪው ድሃ ነው፣ መከልከል እንጀራውን መንጠቅ ነው የሚለው ክርክር ከዚህ ይከብዳል፤ እኔም እቀበለዋለሁ። መከልከል ብቻውን ሥራውን ወደ ሌሊት ይገፋዋል። እንፋሎቱን ይዞ ሜርኩሪውን የሚመልስ ዝግ ዕቃ ግን ውድ አይደለም፤ ወርቁን የሚገዛ መንግሥት ዕቃውን ማቅረብ አያቅተውም። ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ከጥያቄው አያመልጡም። በጉጂ የለገደንቢ ወርቅ ማውጫ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2018 የታገደው ነዋሪው ስለ ጤናው አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው። በፔሩ አማዞንም ከጉድጓድ ከነዳጅ ጋር የሚወጣው ጨዋማ ውሃ ለአሥርተ ዓመታት እንደ ኮሪየንቴስ ወዳሉ ወንዞች ሲለቀቅ ኖሮ፣ ውሃውን በክሎራይድና በከባድ ብረቶች በክሏል። ውሃው ቀድሞ ካልተለካ በዳይና ተበዳይ ለዓመታት ሲከራከሩ ይኖራሉ።

በኩርሙክ በትልልቅ መሣሪያ ወርቅ የማምረት ዘመን መጥቷል። የክልሉ መንግሥትና የማዕድን ሚኒስቴር የዳቡስንና የቱማትን ውሃ፣ ደለልና ዓሣ በየወቅቱ ያስለኩ፤ ውጤቱንም በአሶሳ፣ በመንጌና በሸርቆሌ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይንገሩት።