ባዶው ክፈፍ

ከዋርሶ ወደ ቼንስቶሆቫ በእግር የሚደረገው መንፈሳዊ ጉዞ የተጀመረው በስለት ነው። በ1711 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የፖላንድን መዲና ወረርሽኝ ቢያራቁታት፣ ምእመናን ወደ ያስና ጉራ ገዳም በእግራቸው ሊሄዱ ለእመቤታችን ተሳሉ። አገሪቱ በ1795 በሦስት ኃያላን ጎረቤቶቿ ተቦጭቃ ከካርታ ስትጠፋም፣ በ1918 ስትመለስም ስለቱ አልተረሳም።

እኔም ከዚያ ሕዝብ ጋር ተራምጃለሁ። ኦገስት 6 ማለዳ ከዋርሶ ተነሥቶ በ14 ከገዳሙ ይደረሳል፤ ዘጠኝ ቀን፣ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ። በተነሣን ማግሥት በአገሬ የፍልሰታ ጾም ይገባል። እነርሱ በ15 በዓሏን ሲያከብሩ እኛ ገና በሱባኤው እኩሌታ ላይ ነን። ስለ ፀሐዩና ውኃ ስለቋጠረው እግሬ ብዙ አልልም። ደስ ያሰኘኝ አጠራሩ ነበር፦ መምህሩም ተማሪውም፣ ሽማግሌውም ጎረምሳውም «ወንድም»፣ «እኅት» ይባባላል። የየመንደሩ ሰው ከደጁ ጠረጴዛ ዘርግቶ ሾርባና የፍራፍሬ ጭማቂ ይዞ ይጠብቃል። ከገዳሙ አቅራቢያ «የይቅርታ ኮረብታ» የሚሏት ጉብታ አለች፤ እዚያ ሲደርስ ሰው ሁሉ እየተቃቀፈ ይቅር ይባባላል። ሳይታረቁ ወደ እርሷ አይገባም።

ገዳሙን በ1382 የመሠረቱት በበረሃው አባት በአባ ጳውሊ ስም የሚጠሩ መነኮሳት ናቸው። ሥዕሏን ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት ይባላል። በእኛም ገዳማት የሉቃስ እጅ ሥራ ናቸው የሚባሉ ሥዕላት አሉና፣ ትውፊቱ ለጆሮዬ ባዕድ አልነበረም። የፊቷ መጥቆር ብዙ ያስወራል፤ እኔ ግን ከቀለሟ ይልቅ ጉንጯን አይ ነበር። በ1430 ዘራፊዎች ገዳሙን ሰብረው ሥዕሏን ጎዷት። ክራኮቭ ተወስዳ ብትታደስም በቀኝ ጉንጯ ላይ ያሉት ሁለት ሰንበሮች አልጠፉም።

በ1655 የስዊድን ሠራዊት ገዳሙን ከብቦ ሳይሳካለት ተመለሰ። ሄንሪክ ሼንኬቪች ይህን በ1886 በታተመ ልቦለዱ አግንኖታል። መድፍና ጀግና ላለው ታሪክ ደራሲ አይጠፋም። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን አንድም ጥይት ያልተተኮሰበት የኋለኛው ዘመን ታሪክ ነው።

ፖላንድ ክርስትናን የተቀበለችበት አንድ ሺህኛ ዓመት በ1966 ሊከበር ነበርና፣ ካርዲናል ስቴፋን ቪሺንስኪ የሥዕሏ ግልባጭ በየደብሩ እንዲዞር አደረጉ። ከ1957 ጀምሮ ሕዝቡ ወደ እርሷ መሄዱ ሳይቀር እርሷም ወደ ሕዝቡ መሄድ ጀመረች። ኮሚኒስቱ መንግሥት በ1966 ግልባጩን መንገድ ላይ ያዘና ያስና ጉራ አስገብቶ እንዳይወጣ ዘብ አቆመበት፤ ሥዕል ታሰረ ማለት ነው! ዑደቱ ግን አልቆመም። ካህናቱ ባዶውን ክፈፍ ከሻማና ከወንጌል ጋር ይዘው ከደብር ወደ ደብር ዞሩ፤ ሕዝቡም ተንበርክኮ ተቀበለው። በ1972 ካህናት ግልባጩን በስውር እስኪያወጡት ድረስ እንዲህ ሆኖ ቆየ።

ከጎኔ ይራመዱ የነበሩ አንዲት አረጋዊት ክፈፉን በሕፃንነታቸው አይተውታል። የምታስተረጉመኝ ወጣት እንደነገረችኝ፣ እናታቸው ብድግ አድርገው ጠርዙን አሳልመዋቸዋል፤ እርሳቸውም «ማርያም የት አለች?» ብለው ጠይቀው ነበር። በማግሥቱ ገዳሙ ውስጥ መለከት ተነፍቶ የብሩ መጋረጃ ሲነሣ አየኋቸው። ሌላው ሰው ሁሉ ፊቷን ያያል፤ እርሳቸው ዓይናቸውን በክፈፉ ዙሪያ ቀስ እያሉ ያዞሩ ነበር።